«ክፍፍል» የሚለው ቃል ያስከፈለኝ

ባሕር ዳር ዋናው ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቡናና ቅመማ ቅመም መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ቡናውን ከዘጌ በጀልባ የሚያመጡልኝ ደንበኞች አሉኝ፤ በኩንታል ተረክቤ፣ አስለቅሜና አበጥሬ፣ በኪሎ፣ በግማሽ ኪሎና በሩብ ኪሎ እያደረግሁ እቸረችራለሁ። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ኑሮዬን ለመተረክ ሳይሆን፣ አንድ ኩንታል ቡና በሩብ ኪሎ ሲሸነሸን አራት መቶ ከረጢት እንደሚወጣው፣ ቡናው ግን አንዲት ፍሬ እንደማይጨምር ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ ሴት ስለሆንኩ ነው። የማውቀው ነገር በሌላ ስም ሲመጣብኝ አልለየሁትም፤ ዋጋውም ሠላሳ ሰባት ሺህ ብር ሆነ።

አክሲዮኑን የገዛነው በ2009 ዓ.ም. ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገንዘባችን ትራስ ሥር ከሚያድር ሥራ ላይ ይዋል ብሎ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የፋይናንስ ተቋም ለሽያጭ ካቀረበው ላይ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር የሆነ 40 አክሲዮን በ40,000 ብር ገዛን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ የትርፍ ድርሻችን ወደ ሂሳባችን ይገባል። እኛም ገብቶ እንደሆነ እንጠይቃለን እንጂ አንድም ቀን ሪፖርት አንብበን ወይም ጉባኤ ላይ ተገኝተን አናውቅም። ጉባኤው የሚካሄደው አዲስ አበባ ነው፤ ጥሪው የሚወጣው በጋዜጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ጋዜጣ እጄ የሚገባው ለቅመም መጠቅለያ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነበር። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሌሎቹ ሁሉ የበቀሉት ግን ከእሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ድርጅቱ መደበኛና ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤዎቹን በአንድ ቀን አካሄደ። በዚያ ዓመት ከክልላችን መውጣትና መግባት አስቸጋሪ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር ወሬ የሚደርሰን በስልክና በአፍ ብቻ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከቅርንጫፉ ተደውሎልኝ ደብዳቤ ወሰድኩ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ርዕሱ «የአክሲዮን ክፍፍልን ይመለከታል» የሚል ሲሆን፣ የአንዱ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ ከ1,000 ብር ወደ 100 ብር እንዲሆን በመወሰኑ የእኔ 40 አክሲዮኖች 400 መሆናቸውን ይገልጻል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። በእኛ ዘንድ «ክፍፍል» ሲባል ጆሮ የሚሰማው መታደልን ነው፤ ውርስ ይከፋፈላል፣ ትርፍ ይከፋፈላል፣ ለተከፋዩም አንድ ነገር ይደርሰዋል። «የትርፍ ክፍፍል» የሚለውን ለዓመታት ስሰማ ስለኖርኩ «የአክሲዮን ክፍፍል» ሲል አክሲዮን ታደለ ብዬ ተቀበልኩት። ደብዳቤው ሊል የፈለገው ግን በእጅሽ ያለው አክሲዮን ተሸነሸነ፣ ተዘረዘረ ነው። አርቃቂው «መዘርዘር» የሚለውን ቃል ቢጠቀም ኖሮ የመቶ ብር ኖት ሲዘረዘር የሚሆነውን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። ለማንኛውም ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ ደብዳቤውን ከሚዛኑ ሥር ባለው መሳቢያ አስቀመጥኩት።

በገበያው ውስጥ የዚያን ድርጅት አክሲዮን ሰዎች እርስ በርስ ሲሻሻጡ አንዱን እስከ 1,500 ብር ይሰጡት ነበር። እኔም 400ን በ1,500 አባዛሁና 600,000 ብር አገኘሁ። ለዐባይ ማዶው ወንድሜ የቤቱን ቆርቆሮ እንደማለብስለት ቃል ገባሁ። ከዚህም የባሰው፣ የዚያው ድርጅት ባለአክሲዮን ለሆኑ ሁለት የገበያ ጎረቤቶቼ «አሥር እጥፍ አደሉን፤ ደብዳቤውን ተቀብላችሁ ቁጭ በሉ» ብዬ ነገርኳቸው። እነሱም አመኑኝ።

በጥምቀት ማግስት አንድ የማውቀው ሰው ሱቄ ድረስ መጣ። አክሲዮን ሻጭና ገዢ እያገናኘ የሚኖር ነው፤ ፈቃድ አለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። «እትዬ፣ ትናንት በ1,500 ሲፈለግ የነበረው አክሲዮን ዛሬ በ240 ብር የሚለቅ ሰው አግኝቼልዎታለሁ፤ ነገ ግን የለም» አለኝ። ሐይቁ ዳር ካለ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ስናወራ እኔ በልቤ 240ን ከ1,500 ጋር አስተያየሁና ረከሰልኝ። ላስተያየው የሚገባኝ ከ150 ጋር ነበር፤ ምክንያቱም የ1,500 ብሩ አንድ አክሲዮን አሥር ቦታ ከተሸነሸነ የእያንዳንዱ ሽንሽን ዋጋ 150 ብር ነው። የደረሰኝን እቁብ 50,000 ብር፣ ለአዲሱ የዘጌ ቡና መግዣ ካስቀመጥኩት ላይ ደግሞ 22,000 ብር አውጥቼ 300 አክሲዮን በ72,000 ብር ገዛሁ። በዚያ ዓመት ቡና የገዛሁት በዱቤ ነው።

ገንዘቡን የከፈልኩት ዝውውሩ ድርጅቱ ዘንድ ሳይመዘገብ፣ ውሉ እንደተፈረመ ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ሆኖ ነገሩ በሰላም ቢያልቅም ስሜ ባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ሁለት ወር ፈጀ፤ እነዚያን ሁለት ወራት እንቅልፍ አልነበረኝም። በስም የተመዘገበ አክሲዮን የምትገዙ ሁሉ፣ በድርጅቱ ፊት ባለቤት የሚያደርጋችሁ መዝገቡ እንጂ በእጃችሁ ያለው የውል ወረቀት ብቻ አለመሆኑን አትርሱ። በውሉም ላይ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጠራቀመው የዓመቱ ትርፍ የሻጩ ይሁን የገዢው አስቀድማችሁ አስጽፉ። የእኔ ውል ይህን አልጠቀሰም ነበርና በኋላ ሌላ ጭቅጭቅ አመጣብኝ።

አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኝነት የምትሠራ ልጄ ለፋሲካ በአውሮፕላን መጣች። በበዓሉ ማግስት ሱቁን ስታግዘኝ ውላ፣ ማታ ስለ አክሲዮኑ አንሥቼ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ መሬት ላይ ወደተደረደሩት ከረጢቶች በእጇ አመለከተች።

«እማዬ፣ አንዱን ኩንታል በሩብ ኪሎ ስትሸነሽኚው ስንት ከረጢት ይወጣዋል?»

«አራት መቶ።»

«ቡናው ጨመረ?»

መልስ አልሰጠኋትም። ጥቂት ቆይታ «ደብዳቤው የታለ?» አለች። ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። ቡና የነካው ወረቀት ነበር፤ እሷም የመጀመሪያውን ገጽ ቶሎ አልፋ ሁለተኛውን ገለጠችና አንገቷን ደፋች። በሁለተኛው ገጽ ድርጅቱ ካፒታሉን ለማሳደግ መወሰኑ፣ ነባር ባለአክሲዮኖችም በእጃቸው ላለው ለእያንዳንዱ ሁለት አክሲዮን አንድ አዲስ አክሲዮን በ100 ብር የመግዛት የቅድሚያ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ቀነ ገደቡ መጋቢት 30 ነበር። እኛ ያነበብነው ሚያዝያ 28 ቀን ነው።

ስለዚህ እኔ ከመንገድ ላይ በ240 ብር የገዛሁትን አክሲዮን ድርጅቱ ራሱ በ100 ብር ግዢኝ ሲለኝ ከርሟል ማለት ነው። ልጄ በቡና ከረጢት ጀርባ ላይ እንዲህ አድርጋ አሰላችው። በመብቴ 200 አክሲዮን በ20,000 ብር፣ ቀሪውን 100 ደግሞ በገበያው ዋጋ በ15,000 ብር ብገዛ ኖሮ ያንኑ 300 አክሲዮን በ35,000 ብር አገኘው ነበር። ያወጣሁት 72,000 ነው። ከረጢቱን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

በዚያ ሌሊትና በማግስቱ የተማርኩትን ነው አሁን የማካፍላችሁ። አክሲዮን ሲሸነሸን ከድርጅቱ ካዝና የሚወጣም የሚገባም ገንዘብ የለም። ለምሳሌ 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል ያለው ድርጅት 2 ሚሊዮን የባለ 1,000 ብር አክሲዮኖች ካሉት፣ ከተሸነሸነ በኋላ 20 ሚሊዮን የባለ 100 ብር አክሲዮኖች ይኖሩታል፤ ካፒታሉ ግን ያው 2 ቢሊዮን ነው። እኔ ከ2 ሚሊዮኑ 40 ቢኖረኝ የሃምሳ ሺህ አንድ እጅ ነው፤ ከ20 ሚሊዮኑ 400 ቢኖረኝም የሃምሳ ሺህ አንድ እጅ ነው። በጉባኤ የምሰጠው ድምፅ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ የሌላውም ሁሉ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ክብደቱ አይለወጥም። በአንድ አክሲዮን 200 ብር ይከፈል የነበረው የትርፍ ድርሻም፣ ትርፉ ያው ከሆነ በአንድ ሽንሽን 20 ብር ይሆናል።

ታዲያ ጥቅም ከሌለው ድርጅቶች ለምን ይደክሙበታል? የእኔው ሱቅ ይመልሰዋል። ኩንታል ቡና የሚገዛኝ በወር ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ ሩብ ኪሎ የሚገዛኝ ግን በቀን ሃምሳ ነው። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ሲያንስ ደመወዝተኛውም፣ ተማሪውም፣ ጉልት ሻጯም ልትገዛ ትችላለች፤ ገዢ ሲበዛ ደግሞ ገንዘብ የቸገረው ባለአክሲዮን ቶሎ ሸጦ ይወጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹን የግዢ መጠን ደግሞ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ያደረገውን አስታውሱ። የአንዱ ዋጋ 30,000 ብር ቢሆን ኖሮ በቴሌብር ከስልኩ የሚገዛ ስንት ሰው ይገኝ ነበር? አክሲዮን በይፋ የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በተከፈተበት አገር፣ ወደዚያ ለመግባት የሚያስብ ድርጅት አክሲዮኑ በቀላሉ ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ቢፈልግ አይደንቅም።

ከሁሉም ይበልጥ የመሸንሸን ጥቅም የታየኝ ግን በአንድ የሽምብጥ ሰፈር ቤተሰብ ውርስ ላይ ነው። አባት ሰባት አክሲዮን ትተው ዐረፉ፤ ወራሾቹ አራት ናቸው። አንድ አክሲዮን በሕግ ለሁለት አይቆረጥምና ሰባቱን ለአራት ማካፈል አልተቻለም፤ በዚህ ሲጨቃጨቁ ዓመት አለፈ። ሰባቱ ሰባ ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሰባት ደረሳቸውና የቀሩትን ሁለት ሸጠው ለተዝካሩ አዋሉት።

ልጄ የውጭውንም ነግራኛለች። አፕል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 አንዱን አክሲዮን አራት ሲያደርገው ዋጋው ከ500 ዶላር አካባቢ ወደ 125 ዶላር አካባቢ ወረደ፤ ኤንቪዲያ በ2024 አንዱን አሥር ሲያደርገው ከ1,200 ዶላር አካባቢ ወደ 120 ወረደ። ማንም ግን ዘጠኝ እጁን ከሰርኩ ብሎ አላለቀሰም፣ ማንም አሥር እጥፍ ከበርኩ ብሎ እልል አላለም። እርግጥ ነው፣ የመሸንሸን ወሬ ሲሰማ ዋጋው ትንሽ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሸነሽነው ዋጋው የወጣለት ድርጅት ስለሆነ ሰዎች ወሬውን እንደ መልካም ምልክት ያዩታል፤ ምልክት ግን ትርፍ አይደለም። በተቃራኒው በርክሻየር ሃታዌይ የሚባለው ድርጅት አንደኛ መደብ የሚለውን አክሲዮን ሸንሽኖ ስለማያውቅ የአንዱ ዋጋ በመቶ ሺህዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ቶሎ ገዝቶ ቶሎ የሚሸጥ ሰው እንዳይበዛበት ስለሚፈልግ ነው።

የዚህ ግልባጭም አለ። ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ በ2011 አሥሩን አክሲዮን አንድ ሲያደርገው፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክም በ2021 ስምንቱን አንድ ሲያደርገው የአንዱ ዋጋ ዘለለ፤ የባለአክሲዮኑ ሀብት ግን ባለበት ቆመ። በኒው ዮርክ ገበያዎች የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ከቆየ ከገበያው መሰረዝ ስለሚያስከትል፣ የደከሙ ድርጅቶች ይህን መንገድ ይጠቀሙበታል። የአክሲዮናችሁ ቁጥር ቀንሶ ብታዩት ተዘረፍኩ ከማለታችሁ በፊት የአንዱን ዋጋ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጎረቤቶቼ ልመለስ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። እነሱ እንደ እኔ ከመንገድ አልገዙም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር በእኔ ቃል ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ቁጭ ማለትም ዋጋ አለው። ሁለት ነባር አክሲዮኖች በ150 ብር ሒሳብ 300 ብር ያወጣሉ፤ አንድ አዲስ በ100 ሲጨመርበት 400 ይሆናል፤ ለሦስት ሲካፈል የአንዱ ዋጋ 133 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው። መብቱን የተጠቀመ ሰው በአሮጌው ላይ ያጣውን በርካሽ በገዛው አዲስ ይክሰዋል፤ ያልተጠቀመ ግን ዝም ብሎ ይወርድበታል። አንዷ ጎረቤቴ 100 አክሲዮን ነበራት፤ 15,000 ብር የሚያወጣው ነገሯ በዚህ ሒሳብ ወደ 13,300 ብር ወረደ ማለት ነው። ለመሸንሸን ውሳኔ ባለአክሲዮኑ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ለካፒታል ማሳደጊያ ግን ቀን ቆጥሮ መወሰን አለበት፤ ገንዘብ ባይኖረውም እንኳ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ደብዳቤ ሲመጡ እንደ እኔ ያለው ሰው አንዱን አይቶ ሌላውን ያልፋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «ድርጅቱ አዲስ ገንዘብ እየሰበሰበ ነው ወይ?» የሚለውን ይሁን። ካልሆነ የተለወጠው ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ግን ቀነ ገደብ አለውና ፈልጉት። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ድርጅቱ ያልተከፋፈለ ትርፉን ወይም መጠባበቂያውን ወደ ካፒታል አዙሮ ለባለአክሲዮኖች ተጨማሪ አክሲዮን የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይኸኛው ታደለ ቢባል ያምርበታል፤ ሆኖም የታደለው ቀድሞም የእናንተው የነበረ ትርፍ ነው። ግራ ከገባችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ከመስኮቱ ሠራተኛ ጋር ከመከራከር የድርጅቱን የአክሲዮን ክፍል በስልክ ብትጠይቁ ይሻላል፤ እኔ ቆይቼ ስደውል አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አስረድተውኛል። ስለ ዋጋም ጭማቂ ቤት የሚነገረውን አትመኑ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ወዲህ አገናኝነት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ሆኗል፤ ከ2017 ዓ.ም. ጥር ጀምሮም ወጋገን ባንክን በመጀመሪያ የመዘገበው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ስላለ፣ በዚያ ለተመዘገቡ ድርጅቶች ዋጋው በይፋ የሚታይ ነው። የእኔው ድርጅት ገና አልገባም።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ጉባኤ ላይ ተቀመጥኩ። የትርፍ ድርሻው ለአንድ አክሲዮን 19 ብር መሆኑ ሲነገር በአዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው «አምና 200 ብር አልነበረም እንዴ ልጄ? በሉን እኮ!» አሉኝ። ስንት አክሲዮን እንዳላቸው ጠየቅኋቸው፤ «ስልሳ ነበረኝ፣ አሁን ስድስት መቶ ብለውኛል» አሉ። 600ን በ19 አባዝቼ 11,400 ብር፣ የአምናውን ደግሞ 60ን በ200 አባዝቼ 12,000 ብር መሆኑን በጥሪ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። የጎደለችው 600 ብር በአዲሱ ካፒታል ትርፉ ለብዙ ስለተካፈለ መሆኑን ስነግራቸው፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እሱንስ ልጠይቅበት» ብለው እጃቸውን አወጡ። የእኔም ከነባሮቹ 400 አክሲዮኖች የደረሰኝ ግብር ሳይቀነስ 7,600 ብር ነበር፤ አንድ ጊዜ 400ን በቀድሞው 200 ብር አባዝቼ 80,000 ብዬ ያሰላሁት ማለት ነው። የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ እስካሁን አልለበሰም።

ዘንድሮ ከቅርንጫፉ ደውለው ሌላ ደብዳቤ እንዳለ ነገሩኝ። እዚያው ቆሜ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት፤ ድርጅቱ እንደገና ካፒታል ያሳድጋል። ቀነ ገደቡን ከሚዛኑ በላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩና፣ ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ለሁለቱ ጎረቤቶቼ ወሰድኩላቸው።